ድምሩን 0 ብር የሚለው የተማሪዎች ፕሮግራም

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ነው። አንዲት መምህርት ለማታ ተማሪዎች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ታስተምራለች። ልጆቹን የተረከበቻቸው ከሌላ መምህር ነው። የሱቅ ሂሳብ የሚደምር ፕሮግራም አሠራቻቸው፤ እንዳይከብዳቸው ብላ የቫሪያብል ስሞቹን፣ ማለትም ዋጋውና ድምሩ የሚያዙባቸውን ስሞች፣ በአማርኛ እንዲጽፉ ፈቀደችላቸው። የጥቂቶቹ በትክክል ይሠራል። የብዙዎቹ ግን ስኳሩንም ዘይቱንም ተቀብሎ ሲያበቃ «ጠቅላላ 0 ብር» ይላል። የስህተት መልእክት የለም። የሚሠራውንና የማይሠራውን ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበች፤ ያው ሆነባት። «ሥርዓት ያለው ኮድ እንዲጽፉ ከየት ልጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛምና አንቺ ልበልሽ። ኮዱን አላየሁትም። ግን የጀማሪ ፕሮግራም እየተሳሳተ ጭጭ ካለ አንድ ሰው አፉን ለጉሞታል ማለት ነው። መደመሪያው መስመር ላይ ሂጂና እዪ። «ትራይ» አለ፣ ከታች «ኤክሴፕት»፣ ከሱ ሥር «ፓስ»፤ «ሞክር፣ ስህተት ከገጠመህ ዝም ብለህ እለፍ» ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። «ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ» ተብሎ የተሰጣቸው መድኃኒት ነው። አቦ፣ ይሄ ጥገና አይደለም! እኔ ዘንድ ከሚመጣው የተበላሸ ሥራ ስንቱ እንዲህ ተድበስብሶ የመጣ ነው።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ግን ቅጂ ያዢ። የእያንዳንዱን ልጅ ፎልደር በዕለቱ ቀን ሰይመሽ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጪ። ፍላሽ ላይ ብቻ አይሁን። ገበያው 64 ጊጋ ተብሎ በተለጠፈበት፣ ውስጡ ግን 8 በማይሞላ ፍላሽ ተጥለቅልቋል። ኮፒ አድርጌያለሁ ይልሻል፤ ስትከፍቺው ባዶ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ደግሞ ደህናውም አይተርፍ።

ቅጂው ተያዘ? አሁን ትራዩንም ኤክሴፕቱንም አውጪና አስኪጂው። ይጮሃል፤ ይጩህ። ልጆቹ መልእክቱን ከመጨረሻው መስመር ጀምረው ያንብቡት። «ኔም ኤረር» ይላል፤ «ሒሳብ» የሚባል ስም አላውቅም ማለቱ ነው። ልጁ ይቆጣል፤ «ላይ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ!» ይልሻል። ላይ የጻፈው «ሂሳብ» ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ነገር ነው። እኛ ስናነብ ሁለቱም አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ነው የሚያየው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሂ 4610 ነው፤ ሒ 4626፤ ኂ ደግሞ 4738። ማመን ለከበደው ልጅ ፓይተን ላይ የሆሄውን ቁጥር የሚያወጣውን «ኦርድ» የሚለውን ትእዛዝ አስጽፊውና በዓይኑ ይይ። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 እንደ ላቲኑ ሁሉ የኛንም ፊደል ለቫሪያብል ስም ይቀበላል። ሃሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ ግን አንድ ነው ብሎ አያልፍም። ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። በአብዛኛው የአማርኛ ኪቦርድ የሁለቱ ሀ ልዩነት ሺፍት መያዝና አለመያዝ ብቻ ነው። አቧራ የጠጣ፣ ሺፍቱ የሚነክስ ርካሽ ኪቦርድ ሲጨመርበት አስቢው። አንዱ ልጅ ሁሉንም በሂ ጻፈ፣ ተሳካለት። ጎረቤቱ መሃል ላይ ሒ አስገባ፤ መደመሪያው መስመር ወደቀ፣ «ፓስ» ዋጠው፣ ላይኛው 0 እንዳለ ታተመ።

ስለዚህ አማርኛውን አትከልክያቸው። አንድ ስም አንድ አጻጻፍ ይኑረው፤ ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፎ ይቆይ። ሀ፣ ለ፣ መ እያሉ መሰየምን ግን አጥብቀሽ ከልክዪ። «የዘይት_ዋጋ» ያለ ልጅ ከወር በኋላም ኮዱን ያነበዋል፤ «ለ» ያለው በሳምንቱ ይጠፋበታል። 15 በመቶውን ቫትም አምስት ቦታ 0.15 እያሉ ይበትኑታል። አናት ላይ አንዴ ስም ይሰጠው።

ሌላው ልማድ ሁሉንም ጽፎ ጨርሶ አንዴ ማስኬድ ነው። ከቴሌግራም ገልብጦ የሚለጥፍ ልጅ ሁሌ እንዲህ ነው። በየሦስት አራት መስመሩ ያስኪድ። መስመር መጀመሪያ ላይ ባለው ክፍተት ታብና ስፔስ ከተቀላቀለ ኤዲተሩን አራት ስፔስ ላይ አድርጊላቸውና እለፊው፤ የሰዓት ወሬ አያስፈልገውም።

ማርክ ስትሰጪ ውጤቱን ብቻ አትዪ። ወንበር አቀያይሪያቸው። አንዱ የሌላውን ፕሮግራም ይክፈትና፣ ባለቤቱ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ቅናሽ የሚያሰላ መስመር ይጨምርበት። ካቃተው ማርኩ ከባለቤቱ ይቀነስ። ያኔ ስለ ስም አወጣጥ መለፍለፍሽ ይቀንሳል። ከመቀያየራቸው በፊት ግን አሁንም ቅጂ! የሰው ሥራ ላይ ነው የሚገቡት።

ትራዩን አውጥተሽ ሳይጮህ አሁንም 0 ካለ፣ መደመሪያው መስመር ላይ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለውን ስም እዪ። ግራው ሒ ቀኙ ሂ ከሆነ ፓይተን ስህተት አይለውም፤ አዲስ ቫሪያብል ፈጥሮ ዝም ይላል። ሉፑ ውስጥ፣ ዕቃ በዕቃ እየደጋገመ በሚደምርበት ቦታ፣ ድምሩን አሳትሚውና በየዙሩ ያድግ እንደሆነ ተመልከቺ። ይሄም ካልያዘልሽ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ፋይሉን ላኪልኝ። ቅጂውን ማለቴ ነው፤ ዋናው እዚያው ይቀመጥ።