ድምፅ መለካት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ጠያቂዋ የ3ኛ ዓመት የሥነ ልሳን ተማሪ ናት። «ትምህርት ክፍሉን ወድጄ አልገባሁም፤ ተመድቤ ነው። ፎነቲክስ ግን ልቤን ወሰደው። አፍና ጉሮሮ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጥሩ፣ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚለካ ተማርን። አባቴ ‹ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?› ይለኛል። ትቼ ኮምፒውተር ሳይንስ ልጀምር?» ትላለች።

እህቴ፣ አትተዪው። እዚህ ከደረስሽ በኋላ ከዜሮ መጀመር አያዋጣሽም። የአባትሽ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ስለ ምላስና ላንቃ ማወቅ ብቻውን ደሞዝ አያመጣም። ቀጣሪ የሚፈልገው ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ ለክቶ ቁጥሩን ማስረዳት የሚችል ሰው ነው።

ፕራትን ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ። ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዊኒንክ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የድምፅ መለኪያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ከዚያ «ተ»ን እና «ጠ»ን ቅጂ። ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርገሽ «ጠ» በዪ፤ ማንቁርትሽ ወደ ላይ ብድግ ይላል። የድምፅ አውታሮቹ ግጥም ብለው ተዘግተዋል፣ ምላስሽም ከፊት ዘግቷል። መሃል የታፈነው አየር ይጨመቅና ምላስ ሲለቀው ይፈነዳል። ስክሪኑ ላይ ፍንዳታው እንደ ቀጥ ያለ መስመር ይታይሻል። ከሱ ቀጥሎ አናባቢው እስኪጀምር ትንሽ ዝምታ አለ። «ተ» ላይ ግን ያ ክፍተት ትንፋሽ አለበት። ክፍተቱን በሚሊ ሰከንድ ለኪው። እሱን በደንብ ከቻልሽ አናባቢዎቹ አያስቸግሩሽም፦ «አ» ስትዪ አፍሽ ይከፈታል፣ የመጀመሪያው ፎርማንት (ድምፁ አፍ ውስጥ ጎልቶ የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ) ከፍ ይላል፤ «ኢ» ላይ ዝቅ ይላል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስቱዲዮ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ጎረቤት ሚስማር ይመታል፣ ልጆች ደረጃ ላይ ይሯሯጣሉ። ሲመሽ ቅጂ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ ፊትሽን ወደ ልብሱ አዙሪ። ፍሪጁንም ለጊዜው ንቀዪው። መብራታችን 50 ሄርትዝ ስለሆነ የፍሪጁ እምምታ በሰከንድ 50 እና 100 ንዝረት ላይ ቅጂው ውስጥ ይገባል። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታሮች ደግሞ በሰከንድ በአማካይ 120 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገቡት፣ የሴት 200 ገደማ። አባትሽን ብትቀጂ (ብትቀጂያቸው ደስ ይለኛል) ቁጥሮቹ ስለሚቀራረቡ ፍሪጁ ልኬቱን ሊያምታታብሽ ይችላል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ግን እንዳትቀጂ፤ ድምፁን ይጨምቀዋል። ባልተጨመቀ ዌቭ (WAV) ፋይል ያዢው።

ሥራው የት አለ? ሰፊው በር የንግግር ቴክኖሎጂ ነው። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የአማርኛ የድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ንባብ ነበር። ዛሬ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሲስተሞች ከዚያ በብዙ እጥፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ድምፅ የሚቀዳ፣ የሚጽፍ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የምታገኚው ሥራ ይሰለቻል። ቀኑን ሙሉ ኢርፎን ሰክቶ የሰው ወሬ መጻፍ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ክፍያው ለተቀዳው ደቂቃ ነው ወይስ አንቺ ለሠራሽበት ደቂቃ ብለሽ ጠይቂ። የአንድ ደቂቃ ወሬ በደንብ ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ይበላል፣ ብዙ ልጆች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ሥራ ለማደግ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሪ። የኮምፒውተር ሳይንስ አምሮትሽንም እዚያው ትወጪበታለሽ።

ሌላው በር ሕክምና ነው። የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ከዚያ በኋላ ንግግሩን የሚያስተካክልለት ባለሙያ ሊያስፈልገው ይችላል። እንዲህ ያለ ባለሙያ አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ነገር ግን በያዝሽው ዲግሪ ብቻ በሽተኛ ማከም አትችዪም፤ ተጨማሪ የክሊኒክ ሥልጠና ይጠይቃል። የሬዲዮ አንባቢዎችን ማሠልጠንም አለ፣ እሱ ግን ትርፍ ገቢ እንጂ ቋሚ ሥራ አይመስለኝም።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ትንሽ ርዕስ ያዢ። ለምሳሌ «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ የ«ል» ርዝመት በሰፈርሽ ሰዎች አነጋገር ስንት ሚሊ ሰከንድ ይለያያል? አማካሪሽ «ጠበበ» ካሉሽ ተከራከሪ። ሲቪሽ ላይም «ፎነቲክስ ተምሬያለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ስንት ሰው እንደቀዳሽ፣ ምን እንደለካሽ፣ ፋይሉ የት እንደሚገኝ ጻፊ። ሰዎቹን ከመቅዳትሽ በፊት ግን ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዢ፤ ያለዚያ ቅጂውን ለቀጣሪ ማሳየት አትችዪም።