ስለ ወባ ትንኝ ኢንዛይም ጠይቁኝ

የትንኝ ዘረመል ላይ ነው የምሠራው። ቡናዬ እስኪያልቅ ጠይቁ።

ጥ፦ ትንኟ መድኃኒቱን ለመደችው ይባላል፣ እንዴት ነው የምትለምደው ዶክተር?

መ፦ ዶክተር እንኳን ገና ነኝ ግን አመሰግናለሁ። ደሞ አትለምድም! ርጭቱ ሳይመጣም ለየት ያለ ኢንዛይም ይዘው የሚወለዱ ጥቂቶች አሉ፣ ሌሎቹ ሲረግፉ እነሱ ተርፈው ይፈለፍላሉ፣ ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ የነሱ ዘር ይሆናል በቃ።

ጥ፦ ልዩነቱ ግን ምን ያህል ነው?

መ፦ አንዳንዴ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት። እኛም አገር ሲረጭ የነበረው ቤንዲዮካርብ የሚባለው ትንኝ ገዳይ ኬሚካል አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን የነርቭ ኢንዛይም ይዞ ነው የሚገድላት። ጂኑ ላይ "ጂጂሲ" የነበረው "ኤጂሲ" ሲሆን ኢንዛይሙ 119ኛ ቦታው ላይ ግላይሲን የነበረው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በሉት) ሴሪን ይሆናል፣ ኬሚካሉም በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ደስ የሚለው ነገር ያቺው ፊደል አሉ-ዋን የሚባለው ዲኤንኤ ቆራጭ የሚቆርጥበትን ቦታ ትፈጥራለች፣ ስለዚህ ከአንድ የትንኝ እግር ዲኤንኤ አውጥተን በፒሲአር አባዝተን እንቆርጠውና ቁርጥራጮቹን በርዝመት በሚለየው ጄል ላይ እናየዋለን፤ አንድ መስመር ከሆነ አልተቆረጠም፣ ኬሚካሉ ይገድላታል፣ ሁለት ከሆነ ተቆርጧል፣ ተቋቁማለች፣ ሦስት ከሆነ ካንዱ ወላጇ ይሄን ካንዱ ያንን ወርሳለች ማለት ነው። መጀመሪያ ሦስት መስመር ያየሁ ቀን ጄሉን ያበላሸሁት መስሎኝ ደግሜ ሠርቻለሁ 😂

ጥ፦ ታዲያ ለምን ሁሉም እንደዛ አይሆኑም?

መ፦ ዋጋ ያስከፍላታላ። የተቀየረው ኢንዛይም ሥራው ላይ ደካማ ነው፣ ኬሚካል በሌለበት ቦታ በሌሎቹ ትበለጣለች። ምዕራብ አፍሪካ ያሉት የአኖፌለስ ጋምቢዬ ትንኞች ግን መላ ዘይደዋል፣ ጂኑ ተባዝቶ አንድ ክሮሞዞም ላይ አሮጌውም አዲሱም ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። የኛ አገሯ ዋና አስተላላፊ ግን ዘመዷ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት፣ አታምታቷቸው።

ጥ፦ አጎበሩስ? ተኝተንበትም ወባ ያዘን።

መ፦ እግዜር ይማራችሁ። አጎበር ላይ ያለው ፓይረትሮይድ የሚባል ሌላ ትንኝ ገዳይ ኬሚካል ነው፣ እሱን ደግሞ ፒ450 የሚባሉት ኢንዛይሞች ሰባብረው ይጥሉታል፣ ጂናቸው በብዛት የሚሠራባት ትንኝ መርዙ ነርቯ ጋ ሳይደርስ ትጨርሰዋለች። ለዛ ነው ፒቢኦ የሚባል አጋዥ ኬሚካል የተጨመረበት አጎበር የመጣው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ደግፎታል። ፒቢኦ ብዙም ገዳይ አይደለም፣ የኢንዛይሞቹን እጅ ነው የሚያስረው።

ጥ፦ እና በዛ አለቀላት?

መ፦ ኧረ የት። ፒቢኦው ራሱ ከፓይረትሮይዱ ቀድሞ ነው ካጎበሩ ላይ የሚያልቀው። በበረኪና ዘፍዝፋችሁ ፀሐይ ላይ የምታሰጡት ደግሞ ሁለቱንም ነው የምታጥቡት፣ በተራ ሳሙና እጠቡና ጥላ ላይ አስጡት።