ጥያቄና መልስ፦ ትልቅ ድልድይ፣ ትንሽ ላፕቶፕ

ኮምቦልቻ የሚማር አንባቢ ለመመረቂያው የሠራው የድልድይ ሞዴል ላፕቶፑ ላይ አልሄድ ብሎታል። ፕሮግራሙ ድልድዩን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ጭነቱን ይችል እንደሆነ የሚያሰላ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቅና ጠዋት ፕሮግራሙ ቆሞ ያገኘዋል። አዲስ ኮምፒውተር ልግዛ ወይ ይላል።

ወንድሜ፣ አትግዛ። ድልድዩን በሙሉ በሶሊድ ኤለመንት፣ ማለትም እንደ ጡብ ባሉ ድፍን ቁርጥራጮች፣ ሞልተኸዋል። የሶሊድን ጎን በግማሽ ስታሳጥር ብዛቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የትኛው ራም ይችለዋል? ወለሉን በሼል (እንደ ስስ ገበታ ባለ ኤለመንት)፣ ተሸካሚዎቹን በቢም (እንደ ዘንግ ባለ ኤለመንት) ሥራ። ቅርጹም ጭነቱም ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ግማሹ ይበቃሃል። ንዝረት ስታሰላ ግን ሙሉውን ሥራ፤ ግማሹ የማያሳይህ እንቅስቃሴ አለ። የሚያሳስብህን መገጣጠሚያ ራቅ አድርገህ ቆርጠህ በደቃቅ ሜሽ (የኤለመንቶቹ መረብ) ለብቻው ሥራው፤ ጠርዙ ላይ ከትልቁ ሞዴል ያገኘኸውን እንቅስቃሴ ስጠው። ሰብሞዴል የሚሉት ይህንን ነው።

ከደሴ፦ ፕሮግራሙ በሚያወጣው ባለ ቀለም ሥዕል ላይ ቀይ የሆነው ቦታ ይሰበራል ማለት ነው?

አይደለም። በሥዕሉ ላይ ትልቁ ቁጥር እዚያ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ከማቴሪያሉ አቅም ጋር አስተያይ።

አንድ ወጣት መሐንዲስ ደግሞ፣ ሶፍትዌሩ ያለ ስህተት ከጨረሰ በእጅ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ጽፎልኛል።

እዚህ ላይ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1991 ኖርዌይ ውስጥ ስላይፕነር ኤ ለተባለው የጋዝ ማውጫ የተሠራው ግዙፍ የኮንክሪት መሠረት ገና ሙከራ ላይ እያለ ሰጠመ። ሶፍትዌሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሜሹ ግን ሻካራ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሺር (እንደ መቀስ የሚቆርጠውን ኃይል) በ47 በመቶ አሳንሶ አሳየ። ብረቱም በደንብ አልተያዘም ነበር። ግድግዳው 65 ሜትር የውሃ ጥልቀት ላይ ተሰበረ። በኋላ በጥንቃቄ ሲሰላ 62 ሜትር ላይ ይሰበራል የሚል ውጤት ወጣ። ቀድሞ ቢሰላ ኖሮ!

ስለዚህ መጀመሪያ የድጋፎቹን ሪአክሽን (ጭነቱን መልሰው የሚገፉበትን ኃይል) ደምር፤ ከጠቅላላው ጭነት ጋር ካልገጠመ ወደፊት አትሂድ። የስላይፕነርን ዓይነት ስህተት ግን ይህ አይይዘውም። ሜሹን አድቅቀህ ድገመው። ውጤቱ ብዙ ከተቀየረ የመጀመሪያው ውጤት መልስ ሊባል አይችልም። ከዚያ አንዱን ቢም ወረቀት ላይ አስላ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በመጨረሻ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የሚኖሩ እናት። ግድግዳቸው ከክረምት ወዲህ ተሰንጥቋል፤ ተማሪ ልጃቸው በኮምፒውተር ላየው ብሏቸዋል።

እናቴ፣ እባክዎ አይሆንም። ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ሳይመረመር ሞዴሉ ግምት ብቻ ነው። የአፈርና የመሠረት መሐንዲስ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይየው፤ ዛሬ ነገ አይበሉ። ስንጥቁ እየሰፋ ከሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ አይተኙ። ልጅዎ መርዳት ከፈለገ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ያመልክት፣ ቀኑንም ይጻፍበት። መሐንዲሱ ይፈልገዋል።