መስኮት ላይ የተረሳችው ቱቦ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የላቦራቶሪ ተለማማጅ «ጋሼ፣ ማሽኑ ራሱ ‹ቫይረስ አልተገኘም› ብሎ ከጻፈ፣ እርስዎ ግራፉ ላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ የሚያዩት ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የሆነ ነገር ብዬ አለፍኳት። ይህን የምጽፍላችሁ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የሕፃናትን የኤች አይ ቪ ምርመራ እንሠራ ነበር። የእናትየዋ ፀረ እንግዳ አካል በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ የተለመደው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ስለ ልጁ ብዙ አይነግረንም። ስለዚህ ከተረከዙ ተወስዳ ወረቀት ላይ በደረቀች የደም ጠብታ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል እንፈልጋለን። ፈላጊው ፕሮብ ነው። የእኛን ዓይነቱን ትያጊና ክሬመር በ1996 እ.ኤ.አ. አስተዋወቁት፤ በራሱ ላይ የታጠፈ አጭር የዲኤንኤ ክር ነው። አንዱ ጫፉ ብርሃን ይሰጣል፣ ሌላው ጫፉ ያንኑ ብርሃን ያፍናል። መሃሉ ከቫይረሱ አቻውን ሲያገኝ ክሩ ይዘረጋል፣ ጫፎቹ ይራራቃሉ፣ ያኔ ይበራል። ዛሬም ይገርመኛል።

ብርሃን የሚሰጠው ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ፀሐይ አይወድም። ያን ቀን መብራት ሄዶ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ናሙናው ተቆልሏል። የፕሮቧን ቱቦ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ፣ ፎይሏን ሳልመልስላት መስኮቱ ደፍ ላይ ትቻት ቡና ልጠጣ ወጣሁ። የጥበቃችን ባለቤት በር ላይ ታፈላ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ቡና ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ስመለስ ፀሐዩ ቱቦዋ ላይ አርፏል። አልጣልኳትም፤ ከውጭ ታዝዛ እስክትመጣ ወራት ትፈጃለች።

የፖዘቲቭ ኮንትሮሉ፣ ማለትም ቫይረሱ እንዳለበት አስቀድመን የምናውቀው ናሙና፣ መስመር ወጣ፤ ግን ዳገት እንደከበደው አህያ ዘግይቶና ዝቅ ብሎ። «ወጥቷል አይደል» ብዬ ፈረምኩ። አንዲት እናት «ነፃ» የሚለውን ወረቀት ስማ ደረቷ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ። ከሰባት ወር በኋላ ልጁ ከስቶ መጣ። በአዲስ ፕሮብ ደገምነው፤ ቫይረሱ ነበረ። ሕክምና ተጀመረለት። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ። ከቱቦዋ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

የዛሬ ልጆች ስክሪን ላይ የሚያምር ነገር ካያችሁ ቶሎ ታምናላችሁ። እኛ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘረመል በሚታይበት ጄል ላይ አፍጥጠን ነው ያደግነው፤ ማሽን ማመን አናውቅም። ደግሞ ልክ አይደለሁም፤ ያን ቀን ማሽኑ የደከመውን መስመር ቁልጭ አድርጎ አሳይቶኝ ነበር። ማየት ያልፈለግሁት እኔ ነኝ።

ጓንት አድርጉ፣ ቱቦ ላይ ቀን ጻፉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የኮንትሮሉን መስመር ግን ከታካሚው መስመር በፊት እዩ፤ ካለፈው ሳምንቱ ጎን አስቀምጡና እዩ።

የዚያን ቀን ግራፍ አትሜ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ነገ ለተለማማጇ እሰጣታለሁ፤ የታመመውን መስመር ራሷ እስክታገኘው ድረስ ምንም አልነግራትም።