ከ42 በኋላ 10 ለምን ከበደ? እና ሌሎች የሯጮች ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጣ፣ የሱሉልታ ሜዳ ጠፈፍ አለ፣ የሯጮች ጥያቄም እንደ ጉድ መጣ። የቻልኩትን ልመልስ።

5 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ውሃ ይዤ ልሂድ ወይ?

አይ። ቤትህ ጠጥተህ ና።

42 የቻለ ሰው 10 እንዴት ያቅተዋል?

የለገጣፎው ወንድሜ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። ስድስት ወር ለማራቶን ተዘጋጀ፣ ሮጠ፣ ጨረሰ፣ ከነሜዳሊያው ፎቶ ተነሳ። አሁን አምስት ሳምንት ሆኖታል። ኅዳር ላይ ላለው ታላቁ ሩጫ ልዘጋጅ ብሎ ሲነሳ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ድንጋይ ይሆንበታል። «ፍጥነቴን ማን ወሰደው?» ይላል።

ማንም አልወሰደውም። ስድስት ወር ሙሉ ሳትጠራው ከርመህ ዛሬ ድንገት ና ስትለው አኩርፎ ነው። ለማራቶን ስትዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሮጥከው ከጓደኛህ ጋር እያወራህ በምትችለው ፍጥነት ነው፤ ሰውነትህም የተማረው ነዳጅ መቆጠብ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ደግሞ ቁጠባ አይወድም። ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ ታፋህ እየነደደ፣ ግን ሳትቆም የምትሄድበት ሩጫ ነው፣ ይህን ደግሞ ሦስት ሰዓት ሶምሶማ ብትሮጥም አትማረውም።

ስለዚህ በትንሹ ጀምር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከቀላል ሩጫህ በኋላ ሣር ላይ ሃያ ሃያ ሰከንድ ፈጠን በል፣ በእግርህ ተመለስ፣ ስድስት ጊዜ ድገመው። ሩጫው ዘና ያለ ይሁን፣ ጥርስ መንከስ አያስፈልግም። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በ10 ልትሮጥበት በምትመኘው ፍጥነት። በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍ። ሱሉልታ ላይ ከሆንክ ከዚያም በላይ እረፍ፤ ቦታው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ለዝግታ ሩጫ ይመቻል እንጂ በፈጣኑ ላይ ቶሎ ይጨርስሃል። ሲያቅትህ ወደ አቃቂ ወረድ ብለህ ሞክረው። የእሁዱን ረጅም ሩጫ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አታሳልፈው። እዚህ ላይ እንደምትከራከረኝ አውቃለሁ፣ ማራቶን የሮጠ ሰው ኪሎ ሜትር መቀነስ ሞት ይመስለዋል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከማራቶን በሦስተኛው ሳምንት ከክለብ ልጆች ጋር 400 ሜትር ልደጋግም ብዬ ገባሁ። አራተኛው ላይ ባቴ ቀጭ አለ። በፕላስቲክ ጫማ በግ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ አጠገቤ እየሮጠ ነበር፣ ሳነክስ ሲያየኝ ቆመና «ጋሼ፣ ደከመህ እንዴ?» አለኝ። ከባቴ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

ደራርቱ ቱሉ በ1993 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ የለንደን ማራቶንን አሸነፈች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤድመንተን ሄዳ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ ተከትለዋት ገቡ። እንግዲህ ቁጠር፣ እሷ እንኳን በመሃሉ ሦስት ወር ተኩል ነበራት። አንተ በአምስት ሳምንት ታማርራለህ።

ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ግን አያመኝም

ካላመመህ ተወው። ካበጠ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ማስታገሻ ውጬ ውድድሩን ልጨርስ?

ይህቺ ከሰንዳፋ ናት። ከማራቶን በኋላ ሳታርፍ አስፋልት ላይ ፈጣን ልምምድ ጀመረች። አሁን ቅልጥሟ ላይ ጣት የምታህል ቦታ ሲነካ ያስጮኻታል፣ ሌሊትም ይጠዘጥዛታል። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቷታል። ዳይክሎፌናክ ውጣ ልትሮጥ ነው ያሰበችው።

እህቴ፣ አትጨርሺም፣ አትጀምሪምም። ጡንቻ ሲያም ሰፋ ብሎ ነው፣ ስትሞቂም ይለቅሻል። አንድ ነጥብ ላይ የሚያም፣ ስትሮጪ የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን አጥንቱ መሰንጠቅ እንደጀመረ ሊያሳይ ይችላል። ክኒኑ ስንጥቁን አይደፍነውም፣ አንቺን ብቻ ነው የሚያታልልሽ። መታሸቱንም ዛሬውኑ አቁሚ። ለወጌሻ ክብር አለኝ፣ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በዚህ ሳምንት፣ ከውድድሩ በፊት። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቁን ላያሳይ ይችላልና «ምንም የለም» ብለው ቢመልሱሽና ሕመሙ ካለ ተመለሺ፣ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቂ። የወር አበባሽ ቀርቶ ወይም ተዛብቶ ከሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው፤ ብዙ እየሮጡ ትንሽ መብላት አጥንትን ያሳሳል፣ ሐኪሙ ካልተነገረው ደግሞ ላይጠይቅሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እረፍት ይበቃዋል። ሮጠሽ ከሰበርሽው ግን ወራት ነው።

ውሻ ሲያባርረኝ የሮጥኩት እንደ ፍጥነት ልምምድ ይቆጠራል?

የየካ ጣፎው ቀልደኛ፣ ሰዓትህ ጥሩ ከሆነ ቁጠረው። ግን አትሩጥ። ቁም፣ ጀርባህን አትስጠው፣ ድንጋይ እንደምታነሳ ጎንበስ በል፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ውሻ አላየሁም። ከነከሰህ ቀልዱ ያበቃል። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠበው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቅ። «ባለቤት ያለው ውሻ ነው» ቢሉህም ሂድ።