ከኦብጀክት ወደ ፋንክሽናል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመት በጃቫ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን የቡድን መሪያችን አዲሱ ኮድ በፋንክሽናል ዘይቤ፣ ማለትም ዳታን ከማይለውጡ ፋንክሽኖች ተገንብቶ፣ እንዲጻፍ ወስኗል። ፎር ሉፖቼን በሙሉ ወደ ስትሪም (ዳታን በተከታታይ ፋንክሽኖች ወደሚያሳልፈው የጃቫ መሣሪያ) ቀየርኳቸው፤ ኮዱ ግን ለማንበብም ለመፈተሽም ከድሮው አልተሻለም። ጃቫን ትቼ ሃስኬል የተባለውን ፋንክሽናል ቋንቋ ልማር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጃቫን መተው አያስፈልግዎትም። ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) እና ስትሪም እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር መጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሬከርድ (ፊልዶቹ የማይቀየሩ የዳታ መያዣ) በጃቫ 16፣ ሲልድ ክላስ (ወራሾቹ አስቀድመው የተወሰኑ ክላስ) በጃቫ 17 ተጨምረዋል። መሣሪያው በእጅዎ አለ። ያልተነካው ሌላ ነገር ነው፦ ስትሪም ሉፕን ይተካል እንጂ ስሌቱን ከለውጡ አይለይልዎትም። ንጹሕ የምንለው ፋንክሽን በግቤት የተሰጠውን ብቻ አይቶ ውጤት ይመልሳል። ከውጭ አያነብም፣ ውጭ ያለውንም አይነካም።

የደረሰኝ ክላስን እንውሰድ። በብዙ የንግድ ሶፍትዌር ውስጥ «አስላ» የሚባል አንድ ሜተድ አይጠፋም። ሲከፍቱት ዕቃዎቹን ከዳታቤዝ ያነባል፣ የዛሬን ቀን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ይወስዳል፣ ቅናሽ ይቀንሳል፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል፣ ውጤቱን «ጠቅላላ» በሚለው ፊልድ ላይ ይደምራል፣ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ለደንበኛውም ኤስኤምኤስ ይልካል። ይህን ለመፈተሽ አስመሳይ ዳታቤዝ፣ አስመሳይ ሰዓትና አስመሳይ መልእክት ላኪ መሥራት ግድ ነው። ሜተዱ በስህተት ሁለት ጊዜ ከተጠራ ደግሞ ሂሳቡ እጥፍ ይሆናል።

ማስተካከሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ይጀምሩ። መጀመሪያ «ዕቃ» የሚል ሬከርድ ይሥሩ፤ ስም፣ ብዛትና ነጠላ ዋጋ ይኑረው። ዋጋው በቢግዴሲማል ይያዝ፤ ደብል በሚባለው የቁጥር ዓይነት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ በትክክል 0.3 ስለማይሆኑ ሳንቲም ይዛነፋል። ቀጥሎ የዕቃዎቹን ሊስት፣ የቅናሹን መጠንና ቀኑን ተቀብሎ አዲስ ደረሰኝ የሚመልስ አንድ ስታቲክ ፋንክሽን ይጻፉ። ቀኑ የግድ በግቤት ይምጣ፤ ፋንክሽኑ ራሱ ሰዓት ካየ ዛሬ ያለፈው ቴስት ቅናሹ ባበቃ ማግስት ይወድቃል። በመጨረሻ የድሮው ሜተድ አንብቦ፣ ያን ፋንክሽን ጠርቶ፣ ውጤቱን ጽፎና መልእክቱን ልኮ ያበቃል። እዚያ ውስጥ የንግድ ውሳኔ የያዘ «ኢፍ» ካዩ ወደ ስሌቱ ይመልሱት።

ቴስቱ አሁን ጥቂት መስመር ብቻ ነው። 200 እና 300 ብር የሚያወጡ ሁለት ዕቃዎች በ10 በመቶ ቅናሽ 450 ብር ይሆናሉ፤ ታክሱ 67.50፣ ጠቅላላው 517.50 ነው። አስመሳይ ነገር አንድም አላስፈለገም። ኮዱ መሻሻሉን የሚለኩት በዚህ ነው፤ በስትሪሙ ብዛት አይደለም።

ስትሪሞቹንም መለስ ብለው ይዩአቸው። በ«ፎርኢች» ውስጥ ሆኖ ውጭ ያለ አሬይሊስት ላይ የሚጨምር ስትሪም ያው የድሮው ሉፕ ነው። አንድ ሰው ፓራለል ያደረገው ቀን አሬይሊስት ከብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሠሩ የፕሮግራሙ ክሮች) በአንድ ጊዜ በደህና ስለማይጻፍበት መረጃ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ፕሮግራሙ ኤክሴፕሽን ያስነሳል። ውጤቱን በ«ቱሊስት» ይሰብስቡ። ሬከርድም ቢሆን የሚከለክለው ፊልዱን መቀየር ብቻ ነው፤ በውስጡ አሬይሊስት ካለ ያ ሊስት አሁንም ይለወጣል። ስለዚህ በኮንስትራክተሩ ውስጥ በ«ሊስት ኮፒኦፍ» ይቅዱት።

ሃስኬልን ጎን ለጎን ቢማሩት እጅግ ደስ ይለናል። እዚያ ዳታቤዝ የሚነካ ፋንክሽን ይህንኑ በታይፑ ላይ ካላሳወቀ ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ጃቫ ላይ በራስዎ ዲሲፕሊን የሚጠብቁትን እዚያ ማሽኑ ያስጠብቅዎታል፤ ዓይንም ቶሎ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ ምንም ነገር አይለወጥም ከተባለ የደንበኛ ቀሪ ሂሳብ እንዴት ይለወጣል? ሚሊዮን ነገር የያዘ ሊስት ላይ አንዱን ለመቀየር ሁሉንም መቅዳትስ ሜሞሪ አይጨርስም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁሉም አይቀዳም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ክሎዠር የተባለ ፋንክሽናል ቋንቋ ብንመለከት ቬክተሩ (የእሱ ሊስት) እያንዳንዱ አንጓ 32 ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ነው። 32 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 1,048,576 ስለሚሆን ለሚሊዮን ነገር አራት ደረጃ ይበቃል። አንዱን ሲቀይሩ ወደ እሱ የሚወስዱት አራት አንጓዎች ብቻ፣ ማለትም 128 ያህል ቦታ ይቀዳል፤ ቀሪውን አሮጌውና አዲሱ ቬክተር ይጋሩታል።

የጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ግን ይህ የለውም፤ እዚህ ላይ ስጋትዎ ትክክል ነው። በሉፕ ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር ሊስቱን እየቀዱ 100,000 ነገር ቢጨምሩ ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይፈጸማል። መፍትሔው በፋንክሽኑ ውስጥ ተራ አሬይሊስት ከፍቶ መሙላትና ሲወጡ የማይለወጥ አድርጎ መመለስ ነው። ለውጡን ከውጭ የሚያይ ስለሌለ ፋንክሽኑ ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ፤ አንስማማም።

ቀሪ ሂሳቡን በተመለከተ፣ ፕሮግራሙ በሜሞሪ የሚይዘው ከሆነ የማይለወጠውን እሴት አቶሚክ ሪፈረንስ (የያዘውን እሴት በአንድ እርምጃ የሚተካ መያዣ) ውስጥ ያኑሩትና አዲሱን ከአሮጌው የሚያሰላ ፋንክሽን በ«አፕዴት ኤንድ ጌት» ይስጡት። ጥንቃቄ፦ ሌላ ትሬድ ከቀደመ ፋንክሽኑ እንደገና ይጠራል፤ ኤስኤምኤስ መላኪያውን እዚያ ውስጥ ካስገቡት ደንበኛው ሁለት መልእክት ይደርሰዋል። ሂሳቡ ያለው ዳታቤዝ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀው የዳታቤዙ ትራንዛክሽን ነው።

ጥያቄ፦ ሉፑን በሪከርሽን (ራሱን በሚጠራ ፋንክሽን) ተካሁት፤ በትንሽ ዳታ ይሠራል፣ በትልቅ ዳታ ስታክ ኦቨርፍሎው ያመጣል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን በፋንክሽኑ መጨረሻ ላይ ያለን ጥሪ ወደ ሉፕ አይቀይርም፤ እያንዳንዱ ጥሪ ስታኩ (ጥሪዎች የሚመዘገቡበት ሜሞሪ) ላይ እስኪሞላ ድረስ ቦታ ይይዛል። በስካላና በኮትሊን «ቴይልሬክ» ብለው ምልክት ሲያደርጉበት፣ ራሱን የሚጠራው በመጨረሻ እስከሆነ ድረስ፣ ኮምፓይለሩ ሉፕ ያደርገዋል። በጃቫ ግን «ሪዱስ» (ሊስቱን ወደ አንድ ውጤት የሚያጠቃልለው የስትሪም ሜተድ) ወይም ያው ተራ ሉፕ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ኢንሄሪታንስን ምን ይተካዋል? ከአንድ «ክፍያ» ክላስ የሚወርሱ ብዙ ክላሶች አሉን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «ክፍያ»ን ሲልድ ኢንተርፌስ ያድርጉት፤ ጥሬ ገንዘብ፣ የባንክ ዝውውርና ቴሌብር እያንዳንዳቸው ሬከርድ ይሁኑ። የአገልግሎት ክፍያ ማስላትም ሆነ ደረሰኝ ማተም ከክላሶቹ ወጥቶ ራሱን የቻለ ፋንክሽን ይሆንና በ«ስዊች» ይለያያል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ጃቫ 21 ጀምሮ በሙሉ ይሠራል። «ዲፎልት» ግን አይጻፉበት። ነገ ቼክ የሚባል ክፍያ ሲጨምሩ ኮምፓይለሩ ያልተሸፈነውን ስዊች ሁሉ እየጠቆመ ያሳይዎታል፤ ዲፎልት ካለ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ስህተቱንም ደንበኛ ያገኘዋል።

ይህ አካሄድ የሚያዋጣው የክፍያው ዓይነት ጥቂት ሆኖ በላዩ የሚሠሩት ሥራዎች ሲበዙ ነው። ሥራው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆኖ ዓይነቱ በየጊዜው የሚጨምር ከሆነ፣ በተለይም አዳዲሱን ዓይነት ሌላ ድርጅት እየጻፈ የሚያስገባ ከሆነ፣ የድሮውን ኢንተርፌስ አይንኩት።