«ለጓደኛዬ ነው» ለምትሉኝ ልጆቼ

በካምፓስ ክሊኒክ በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ተማሪ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ መጀመሪያ የሚለኝ ያው ነው። «ሲስተር፣ ለጓደኛዬ ነው።» ይሁን፣ ለጓደኛም ቢሆን እመልሳለሁ።

አብዛኛው ጥያቄ ስለ ፖስት ፒል፣ ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ እርግዝና እንዳይፈጠር ስለሚወሰደው ክኒን ነው። መሃን ያደርጋል? አያደርግም። የተፈጠረ ጽንስ ያቋርጣል? አያቋርጥም። የሚሠራው እንቁላል የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። ለዚህ ነው ቶሎ ውሰጂ የምንለው። እስከ 72 ሰዓት ይባላል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ይሻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ደግመሽ ውሰጂ። የወር አበባሽ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ። አንዳንዶቻችሁ ግን በየጊዜው ትገዙታላችሁ። ለዚያ አልተሠራም። መርፌው፣ በክንድ የሚቀበረውና በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ከእሱ የበለጠ ይከላከላሉ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የማትጠይቁኝ ነገር ነው። ከኤች አይ ቪ ይልቅ እርግዝናን ትፈራላችሁ።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ኮንዶም አልነበረም። ፖስት ፒሉን በዚያው ሌሊት ወስዳ ተገላገልኩ ብላ ተኛች። ስለ ቫይረሱ ልትጠይቀኝ የመጣችው በ5ኛው ቀን ነው። ፔፕ የሚባል መድኃኒት አለ። ቫይረሱ እንዳይዝ ይከላከላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል፣ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለእሷ አልፎባታል። በ3 ወሯ ተመርምራ ነጻ ሆነች፤ እነዚያን 3 ወራት ግን ከዶርም መውጣት እንኳ ከብዷት ነበር። ስለዚህ ፖስት ፒል ስታስቡ ፔፕንም አስቡ። ሌሊት ከሆነ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ተገዳችሁ ከሆነም እንዲሁ ቶሎ ሂዱ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የሚያፍረውም ሌላ ሰው ነው።

ወንዶች ልጆቼ፣ ሽንት ሲያቃጥላችሁ ከዶርም ጓደኛ የተረፈ ክኒን አትዋጡ። ምናልባት ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ የሚባል የአባላዘር በሽታ ነው። ሴቷ ጋ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ ውስጥ ውስጡን ግን የማህፀን ቱቦ ይጎዳል። መሃን ያደርጋል እያላችሁ ፖስት ፒልን ትፈራላችሁ፤ ያንን የሚያመጣው ያልታከመ ጨብጥ ነው። ስለዚህ ንገሯት፣ አብራችሁ ታከሙ። መንገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከከበዳችሁ ይዛችኋት ኑ፣ እኔ እነግራታለሁ።

ከምሳ በኋላ ሰልፍ የለም። ለጓደኛዬ ነው ብላችሁ ግቡ።